ለአሮጌ አይሱዙ የትኛው ራዲያተር?

አባቴ ካወረሰን ንብረት ውስጥ እስካሁን ገንዘብ የሚያስገባልን አይሱዙው ብቻ ነው። ኤንፒአር ነው፤ ሞተሩ ያቺ ቱርቦ የሌላት ባለ 4.57 ሊትሯ 4ኤችጂ1 ናት። ከጎጃም ጤፍና በቆሎ ይዞ ይመጣል፣ ሲመለስ ሲሚንቶም ይሁን ሳሙና ያገኘውን ይጭናል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። የጭነት መኪና ነድቼ አላውቅም፤ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያሉ ሻጮች ግን አሁን አሁን በስም ባይሆን በመልክ ያውቁኛል።

ሹፌራችን ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ክረምቱ እንደወጣ ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ራዲያተር በቃው። ዓባይን ስወጣ እያቆሙ ማቀዝቀዝ ሆኗል ሥራዬ» አሉኝ። ወሬው ቤት ሲገባ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ «ኦሪጅናሉን ግዙ፣ የጎደለውን እኔ እልካለሁ» አለ። መካኒካችን አሉሚኒየሙን አስገቡና ተገላገሉ ባይ ነው። አጎቴ በበኩሉ «ያንኑ አስጠርጉት፤ እንደ ዱሮ ዕቃ የት ይገኛል» ብሎ ተቆጣ።

ሦስቱም የተነጋገሩት ስለ ዕቃው ነው። አንዳቸውም መኪናው የት እንደሚሠራ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው አልጠየቁም። እኔ ደግሞ ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ከዚህ ጥያቄ በፊት ዋጋና ስም ማወዳደር ዋጋ ቢስ እየሆነብኝ መጣ።

ከሁሉ በፊት ግን ጥፋተኛው ራዲያተሩ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር ሲሞቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፊት ለፊቱ ዕቃ ነው፤ ያው ስለሚታይ። የውሃ ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ቪስኮሱ፣ ያ ሲሞቅ ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር አያይዞ የሚያዞረው ዕቃ፣ ዝሎ ነፋሱን በደንብ አለመሳቡ ሊሆን ይችላል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን የሚባለው ማሸጊያ ተቃጥሎ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ ደግሞ ከጃፓን በአውሮፕላን የመጣ ራዲያተር ቢገጠምም ለውጥ የለውም። ይህንን ለማየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳትና አንገቱ ውስጥ መመልከት ነው። አረፋ ሳያቋርጥ ሽቅብ ከመጣ ጉዳዩ ከራዲያተር ገበያ ወጥቶ ሞተር ቤት ገብቷል ማለት ነው። የእኛ አረፋ አልነበረውም።

ክዳኑ ራሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሥራ አለው፤ በተለይ በእኛ አገር። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ድስታችን የሚንተከተከው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎሐ ጽዮንና ደጀንም ከዚህ አይሻሉም። እንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር ቴርሞስታቱ፣ ያ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ ብዙ ጊዜ የሚከፍተው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ውሃው መዞር በሚጀምርበትና በሚፈላበት መካከል ያለችው አሥር ዲግሪ ብቻ ናት። ያቺን ጠባብ ቦታ የሚያሰፋልን የክዳኑ ስፕሪንግ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግፊቱን አፍኖ እዚሁ ደጋ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ምንም አያፍንም፤ ውሃው 92 ላይ እየፈላ በትርፍ ቱቦው ይወጣል፣ ሰውም «ራዲያተሩ ውሃ ይጠጣል» ይላል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሹፌር በሞተ ክዳን ሳይታወቀው ሊነዳ ይችላል። ደጀን ላይ አይችልም።

አየሩም የራሱ ጣጣ አለው። ራዲያተር ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በፊኖቹ፣ በቱቦዎቹ መሃል ባሉት ስስ ቅጠል መሰል ብረቶች፣ መካከል በሚያልፈው አየር ነው። ደጀን ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቬንትሌተሩ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ቀንሷል፣ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ቱርቦ የሌላት ሞተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳባት ጉልበቷ ስለሚቀንስ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ ነው የሚወጣው። ዓባይ በረሃ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያሳያል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ታች ድልድዩ ጋ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይዘልም፣ ሙቀቱ ያቃጥላል። ከዚያ 50 ኩንታል ተሸክሞ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ ወደ ላይ ነው። ጋሼ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ መስኮቱን አውርደው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው ነው የሚወጡት። ማሞቂያዋ እንደ ትንሽ ተጨማሪ ራዲያተር ስለምትሠራ መላው ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን እየበሰሉ ነው። እንግዲህ አይሱዙ ራዲያተሩን ሲለካ ይህን መንገድ አስቦ አይመስለኝም፤ ለብዙ አገር የሚሆን መካከለኛ ልክ ነው ያወጣለት። «የፋብሪካው ልክ ከሁሉ ይበልጣል» ሲሉኝ አፌን ሞልቼ አዎ ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

መካኒኩ መሃል ላይ «ቴርሞስታቱን ነቅለን እንየው» ብሎ ነበር። ይህች ምክር በአገራችን ከስንት ጋራዥ ወጥታ ስንት ሞተር እንዳደረቀች እግዜር ይወቀው። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ሳይቀዘቅዝ የሚዞርበትን አቋራጭ መንገድ በዚያው ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ጌጁ ወርዶ ያስደስታል፣ ዳገት ላይ ይበቀላል። አልነቀልንም።

ከዚያ በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ኮሩን፣ ቱቦና ፊን የተደረደሩበትን የራዲያተሩን መሃል፣ አየነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ውሃ የሚገባበት ወገን ትኩስ፣ የሚወጣበት ለዘብ ያለ ሆኖ ሙቀቱ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። የእኛው የታችኛው ቀኝ ጥግ እጅ የሚያስቀምጥ ቀዝቃዛ ነበር። እዚያ ውሃ አይደርስም ማለት ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ፊኖቹ መሃል የጤፍ ገለባና የሞተ አንበጣ ተጠቅጥቆ ነበር። አጥቦ ማየት ስለሚቀድም ታጠበ፤ ያውም ግፊቱ ቀላል በሆነ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት፣ ምክንያቱም መኪና ማጠቢያ ቤት ያለው የግፊት ውሃ ፊኑን አስተኝቶ ከገለባው የባሰ ይደፍነዋል። ትንሽ ተሻለ፣ አልዳነም። ያኔ ነው ገበያ የወጣሁት።

ሶማሌ ተራ ገብቶ «የኤንፒአር ራዲያተር» ያለ ሰው ቢያንስ ስድስት ዓይነት ነገር ይቀርብለታል፤ ስድስቱንም ኦሪጅናል ናቸው የሚሉት አይጠፉም። የአይሱዙ ስም ባለበት ካርቶን የመጣ አለ። ለመኪና ፋብሪካዎች ራዲያተር የሚያቀርቡት እንደ ዴንሶና ቲራድ ያሉ ሠሪዎች በራሳቸው ስም የሚሸጡት አለ። እንደ ጃፓኑ ኮዮራድና እንደ ዴንማርኩ ኒሰንስ በመለዋወጫ ገበያ ስም ያወጡ አሉ። ከነሱ በታች ስሙ በየዓመቱ የሚቀያየር የቻይናና የታይዋን ሥራ ይደረደራል። ካርቶኑን ብቻ አስመስሎ ያሳተመው ፎርጂድም እዚያው መሃል ቆሟል። ከውጭ ከተበተነ መኪና ላይ ተነቅሎ የመጣ ያገለገለም ይገኛል፤ እሱ በእርግጥም ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ ግን ለምን እንደተነቀለ የሚነግርህ የለም።

ወንድሜ ያልገባው አንድ ነገር ይሄ ነው። እሱ ባለበት አገር ኦሪጅናል ማለት የመኪናው ወኪል ቤት ሄዶ የሻንሲ ቁጥር ሰጥቶ ደረሰኝ ተቀብሎ መውጣት ነው፤ ካልሆነ መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል። እዚህ ለአሮጌ ሞዴል የሚያቀርብ ሰው ብታገኝም ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ ደግሞ የፋብሪካው ካርቶን ራሱ ለውጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የኛው ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ነው። አይሱዙ በሚለው ካርቶን ውስጥ ያሳዩኝ ግን ኮሩ አሉሚኒየም፣ የላይና የታች ታንኩ ፕላስቲክ ነበር። ዋጋው ከመዳቡ አማራጭ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ ዶላሩ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ 100ን ከዘለለ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሲነገረኝ ወንበር መፈለግ ልማዴ ሆኗል።

አንዱ ሱቅ ውስጥ ሁለት ራዲያተር ጎን ለጎን አስቆምኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ትዕግሥቱ ጥሩ። ከፊት ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ቁመታቸው እኩል፣ ታንካቸው እኩል፣ የጎን ብረታቸው እኩል። ማስመሪያ አውጥቼ ከጎን በኩል ፊኑ ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት ለካሁ። አንዱ ኮር 48 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 32። ቀጭኑን ከወፍራሙ የጎን ብረት ውስጥ ከተውት፣ ቀሪው ባዶ ነው። «እህቴ፣ እሱን ማንም አይለካም እኮ» አለኝ እየሳቀ። ቀጭኑን በአንድ እጄ አነሳሁት። ከዚያ ጥፍሬን ፊኑ ላይ አሳለፍኩ። የወፍራሙ ፊኖች ጠጋ ጠጋ ብለው የተሠሩ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ላይ አየሩን የሚሰነጥቁ ጥቃቅን ቅርፊት መሰል ስንጥቆች አሉ። የቀጭኑ ራቅ ራቅ ያሉና ልሙጥ ነበሩ፣ በጥፍሬም ተጣጠፉ። ውሃ ማፍሰሻው ቡሽ በአንዱ ነሐስ፣ በሌላው ስስ ፕላስቲክ ነው። መቀመጫ እግሮቹን ደግሞ ከአሮጌው ባመጣሁት ልክ አስተያየኋቸው፤ የቀጭኑ አንዱ እግር በአንድ ጣት ያህል ይዛነፋል።

ይህች የእግር መዛነፍ ቀላል ትመስላለች። ብየዳ ቤት ሄዶ ብረት ቆርጦ ማስገጠም ይቻላል፣ ሁሌም ይደረጋል። ግን ራዲያተር የሚቀመጠው ጎማ ላይ ነው፤ ሻንሲው ኮረኮንች ላይ ሲጠማዘዝ እሱ እንዳይጠማዘዝ። በግድ ተጎትቶ የታሰረ ራዲያተር መንገዱን ሁሉ አንገቱ ላይ ይቆጥራል፤ ከወራት በኋላ የሚሰነጠቀው ቱቦው የሚገባበት አንገቱ ነው፣ ከዚያ «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይሰደባል። ለኦሪጅናሉ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና እዚህ ላይ ነው። ልክ ይገባል። ገጣሚው መዶሻ አያነሳም።

ወደ ብረቱ ልመለስ። መዳብ ሙቀት በማሳለፍ አሉሚኒየምን እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፤ የመዳብ ወዳጆች ክርክሩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። አሉሚኒየሙ ግን ቱቦዎቹ ሰፋፊ ሆነው ስለሚሠሩና ፊኑ ከቱቦው ጋር በደንብ ስለሚዋሃድ ጥሩ የተሠራው ከመዳቡ አያንስም፤ ቀላልም ነው፣ ዛሬ አዲስ መኪና ሁሉ በሱ ነው የሚወጣው። ለእኔ ልዩነቱ የታየኝ ጥገናው ላይ ነው። መዳብና ነሐስ የሚያያዘው በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ ነው፤ ቅይጡ ከ200 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ስለሚቀልጥ አንድ የብየዳ ፋኖስና አንድ የብየዳ ብረት ያለው ሰው ደብረ ማርቆስም ፍቼም ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። አሉሚኒየሙ ፋብሪካ ውስጥ 600 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ የተጋገረ ነው። የፕላስቲክ ታንኩም ጠርዙ ላይ በታጠፈ ጥርስና በጎማ ነው የተያዘው፤ ፕላስቲኩ በሙቀትና በብርድ ሲመላለስ ደርቆ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ለአንድ ቀን ቢይዘው ነው። ዳገቱ ላይ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ማለት ጭነት ማራገፍ፣ መኪና ማስጎተት፣ የደንበኛ ቁጣ ማለት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ጭንቀት አይደለም፤ ስልክ ይደወላል።

የአጎቴን ሐሳብም ሳልሞክር አልተውኩትም። አሮጌውን አስፈትቼ ራዲያተር ቤት ወሰድኩት። ሠሪው የጨርቅ ቁራጭ ጉልበቱ ላይ አንጥፎ የላይኛውን ታንክ ዙሪያውን በእሳት እየላሰ ቅይጡን አቅልጦ አነሳው። የቱቦዎቹ አፍ ታየ። እንደ ማር እንጀራ ተደርድረዋል፤ ግማሹ ግን ነጭ ኖራ ለብሶ ጠቧል። ዓመታት ሙሉ ከየጉድጓዱና ከየወንዙ የተሞላ ውሃ ነው፤ ውሃው ተኖ ይሄዳል፣ ኖራው ይቀራል። ስስ ቢሆንም ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ያልጠበቅኩት ሌላው ነገር ነበር። ሠሪው በጥቁር ጣቱ እየነካ «ይሄ የታፈነ፣ ይሄ የታፈነ፣ ይሄም» እያለ ቆጠረልኝ። በየዘመኑ አንድ ቱቦ ሲያፈስ ያገኘው በያጅ ከላይና ከታች ደፍኖት ሄዷል። ፈጣን ጥገና ነው፤ ፍሳሹ ይቆማል፣ ሹፌሩ ያመሰግናል። በየአንዳንዱ ድፍን ግን ራዲያተሩ ሲያንስ ኖሯል። ከቱቦዎቹ አምስተኛው ገደማ ሞቶ ነበር። አጎቴ እንዳይጠፋ የሚሳሳለት የፋብሪካ ዕቃ ስሙ እንጂ ልኩ የፋብሪካው ካልሆነ ቆይቷል።

ሠሪው ቀጭን የብረት ዘንግ በየቱቦው እያስገባ ኖራውን ፈለፈለው። አገጣጥሞም አንገቶቹን ዘግቶ፣ በአየር ነፍቶ፣ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አጠለቀው። ከመሃል ላይ ጥቃቅን አረፋ እንደ ዶቃ ተሰካክታ ወጣች። ቱቦው ተበልቷል፤ ዘንጉ ኖራውን ሲያነሳ ኖራው የያዘው ቀዳዳ ተከፈተ። «እትዬ፣ ይሄን ልደፍንልሽ እችላለሁ፤ ግን አታምጪብኝ» አለኝ። እንዲህ ብሎ ሥራ የሚመልስ ባለሙያ ሲገኝ ስልኩን መያዝ ነው። ታንኮቹ ግን ወፍራም ነሐስ ናቸው፣ እንከን የለባቸውም። አዲስ የመዳብ ኮር ተገዝቶ በነዚያው ታንኮች መካከል ሊበየድ እንደሚችል ነገረኝ። እግሮቹም አንገቶቹም የመኪናው ስለሆኑ ልክ ይገባል፤ ኮሩ ደግሞ ከውጭ ሠሪ የመጣ ነው። ይህ ዕቃ ኦሪጅናል ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚፈርድ ካለ እስቲ ይሞክር።

ኮሩን ስንመርጥ ወፍራሙን ልውሰድ ብዬ ነበር። ሠሪው ከለከለኝ። ከልክ በላይ የወፈረ ኮር ለአየሩ ግድግዳ ይሆናል፤ ቬንትሌተሩ ካልሳበው ከኋላ ያሉት ቱቦዎች በሞቀ አየር ብቻ ይታጠባሉ። ወደ ኋላ ሲገፋም ከቬንትሌተሩ ምላጭ ጋር ይቀራረባል፤ ሞተሩ ጎማው ላይ ሲናወጥ ምላጩ ፊኑን ሊልሰው ይችላል። መኪናው ላይ ሄደን ክፍተቱን ለካን፤ ከነበረው አንድ ረድፍ ቱቦ የጨመረ ኮር በምቾት ይገባል፣ ሁለት አይገባም። አንድ ጨመርን። ነፋስ ማፈኛውንም፣ ቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለውን ያንን ብዙ ሹፌር ለጥገና ይመቻል ብሎ ነቅሎ የሚጥለውን ክፈፍ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ፈልገን መለስነው። ያለ እሱ ቬንትሌተሩ ከጎን ያለውን የሞተር ቤት ሙቅ አየር መልሶ ይስባል።

ለወንድሜ ሒሳቡን ላክሁለት። የፋብሪካው ካርቶን ዋጋ፣ የኮሩ ዋጋ፣ የእጅ ዋጋ፣ መኪናው የቆመበት ቀን ያላስገባው ገቢ። ትንሽ ተከራከረ። «መኪናው ስንት ዓመት ይቀረዋል?» ስለው ዝም አለ። እንዲህ ያለ መኪና በሌላ አገር ቢሆን እስካሁን ተጨፍልቋል። እዚህ ግን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ በዕድሜው ልክ ታክሱን ካከበደ በኋላ በሌላ መተካት ሌላ ዓለም ሆኗል፤ አዲስ ደግሞ አቅማችን አይደለም። ስለዚህ መኪናው ገና ይሠራል፣ ራዲያተሩም ደጋግሞ የሚጠገን መሆን አለበት። መኪናው አዲስ ቢሆንና ከአዳማ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ቢመላለስ፣ አሉሚኒየሙን ከነካርቶኑ እገዛው ነበር፤ ያለ ምንም ማቅማማት። መንገዱ ለስላሳ ነው፣ መካኒክ ቅርብ ነው፣ ልኩ ይገጥማል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ስሙን የማላውቀውን ቀጭን ግን ለማንም አልመክርም። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ውስጡ ስለሌለ ነው።

አንድ ዕቃ ብቻ ሳልከራከር በፋብሪካው ስም፣ ከማውቀው ሱቅ፣ በደረሰኝ ገዛሁ፤ ክዳኑን። ከራዲያተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ ፎርጂዱ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ላዩ ላይ 0.9 ብሎ ያትምና ግማሹን እንኳ ሳይዝ ይለቃል። ደጋ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ከላይ ተናግሬያለሁ። ቴርሞስታቱንም በዚያው ቀየርን፤ ከመግጠማችን በፊት ሠሪው ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ቀቅሎ የሚከፍትበትን አሳየኝ።

ውሃው ላይ ከጋሼ ጋር ትንሽ ተጣላን። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከቧንቧ ነው የሞሉት። እኔ የተጣራ ውሃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ካልሆነ አልኩ፤ ዝገቱንና ኖራውን ይከላከላል፣ የመፍያውን ነጥብም በጥቂት ዲግሪ ያነሳል። «ልጄ፣ ዓባይ መሃል ቢያፈስ ኩላንት ከየት አመጣለሁ?» አሉ። ጥያቄው አግባብ ነበር። ከመቀመጫው ጀርባ የተቀላቀለ የሞላ ጀሪካን አስቀመጥን፤ አልቆ ከወንዝ ከተሞላ ግን አዲስ አበባ ሲገቡ ተደፍቶ እንዲታጠብ ተስማማን። ቀለሙ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር እንዳይደባልቁም ነገርኳቸው፤ ውህዳቸው የተለያየ ኩላንቶች ሲገናኙ መከላከያው ይዳከማል፣ አንዳንዶቹም ይረጋሉ።

አሁን መኪናው ዓባይን ሳይቆም ይወጣል። ጌጁ ከመሃል ትንሽ ከፍ ይልና ደጀን አናት ላይ ይመለሳል። ጋሼ ማሞቂያውን መክፈት አልተዉም፤ ልማድ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውለው ቬንትሌተሩ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለም እንደ ሄሊኮፕተር ይጮኻል አሉኝ። ቪስኮሱ ተጣብቆ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ አየር አያጎድልም፣ ነዳጅ ግን ይበላል። ሶማሌ ተራ ያለው ወጣት የሦስት ዓይነት ዋጋ በስልክ ልኮልኛል፣ ሦስቱም ኦሪጅናል ናቸው አለ። ቅዳሜ ሄጄ በእጄ አዙሬ አያቸዋለሁ።